የአየር መንገድ አብራሪ ለመሆን ከየት ልጀምር?

ይህች ጥያቄ በየሳምንቱ ትደርሰኛለች። አንዱ ገና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነው። ሌላዋ ስምንት ዓመት የሠራችበትን ሥራ ለመልቀቅ ታስባለች። ለእያንዳንዱ ለየብቻ መመለስ ስላቃተኝ ሁሉንም እዚህ በቅደም ተከተል ጽፌዋለሁ።

ቅደም ተከተሉን አጥብቄ የምይዘው በምክንያት ነው። እኔ የማውቃቸው መንገድ ላይ የቀሩ ልጆች አብዛኞቹ መብረር አልከበዳቸውም ነበር። ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ነው ሐኪም ጋ የሄዱት። ወይ ደግሞ ከተመረቁ በኋላ ነው ፈቃዳቸው የት አገር እንደሚሠራ የጠየቁት።

ከታች የምታዩአቸው ሰዓቶችና እድሜዎች ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ አይካኦ፣ ያስቀመጣቸው ዝቅተኛ መስፈርቶች ናቸው። የየአገሩ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ከዚያ በላይ ሊጠይቅ ስለሚችል የአገሩን ደንብ አውጥታችሁ አመሳክሩ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃና የትምህርት ማስረጃ። ስማችሁ በሦስቱም ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። በአንድ ፊደል ልዩነት የፈቃድ ማመልከቻ ሲመለስ አይቻለሁ።
- የሒሳብና የፊዚክስ ውጤት፣ ቢያንስ በሁለተኛ ደረጃ። ብዙ አየር መንገዶች መጀመሪያ የሚያዩት ይህንን ነው።
- ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ። የአውሮፕላን ማረፊያ መግቢያ መታወቂያ ያለዚህ አይሰጥም።
- አንደኛ ደረጃ የሕክምና ማረጋገጫ። ሁላችንም ሜዲካል ነው የምንለው።
- የአቪዬሽን እንግሊዝኛ ፈተና ውጤት።
- የበረራ መዝገብ ወይም ሎግቡክ፣ ከዲጂታል ቅጂ ጋር።
- ሄድሴት (ማይክ ያለው የጆሮ ማዳመጫ)፣ የበረራ ማስሊያ፣ ማስመሪያና ካርታ። ሄድሴት ላይ ገንዘብ አትጨርሱ። ያገለገለ ግን ደህና የሆነ ይበቃል።
- የገንዘብ እቅድ፣ ከነመጠባበቂያው።

1. ከመጨረሻው ጀምሩ

ትምህርት ቤት ከመፈለጋችሁ በፊት ልትቀጠሩባቸው የምትፈልጓቸውን ሦስት አየር መንገዶች ምረጡና የረዳት አብራሪ ቅጥር ማስታወቂያቸውን አንብቡ። አሁን መስፈርቱን ባታሟሉም አንብቡት። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ እነዚህን ጻፉ፦ የየትኛውን አገር ፈቃድ ነው የሚፈልጉት? ስንት የበረራ ሰዓት? ምን ዓይነት የትምህርት ደረጃ? የእድሜ ወይም የቁመት ገደብ አላቸው? እዚያ አገር ለመሥራት ዜግነት ወይም የሥራ ፈቃድ ያስፈልጋል?

የአብራሪ ፈቃድ የሚሰጠው መንግሥት ነው። በአንዱ አገር ያወጣችሁትን ሌላው አገር ዝም ብሎ አይቀበልም። እንደገና ፈተና፣ እንደገና ሜዲካል፣ ብዙ ጊዜም እንደገና የቼክ በረራ፣ ማለትም አየር ላይ የሚሰጥ ፈተና አለ። ርካሽ ነው ብሎ ሩቅ ሄዶ ተምሮ፣ ያተረፈውን ፈቃዱን ለማስቀየር ያወጣ ሰው አውቃለሁ።

የሰዓት ልዩነቱም ሰፊ ነው። በአሜሪካ ከ2013 ጀምሮ ለረዳት አብራሪነት እንኳ በመደበኛው 1500 ሰዓት ይጠየቃል። የአቪዬሽን ዲግሪውን ከተፈቀደለት ተቋም ላገኘ ወደ 1000፣ ከወታደር ቤት ለመጣ አብራሪ ደግሞ ወደ 750 ዝቅ ይላል። በአውሮፓ በ200 ሰዓት ገደማ የረዳት አብራሪ ወንበር ላይ መቀመጥ ይቻላል። የትኛው እቅድ እንደሚስማማችሁ ይህ ቁጥር ብቻውን ሊወስን ይችላል።

"ረፍዶብኛል ወይ?" ለምትሉ ደግሞ ሒሳቡ ይኸውላችሁ። ሁለት አብራሪ በሚበርበት የንግድ በረራ ላይ የዓለም አቀፉ የእድሜ ጣሪያ 65 ነው። በ35 ዓመቱ የሚጀምር ሰው ሥልጠናውና ሥራ ፍለጋው አምስት ዓመት ቢፈጅበት ገና 25 ዓመት ይቀረዋል።

2. ሜዲካሉን ከክፍያ በፊት ጨርሱ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። አንደኛ ደረጃ ሜዲካል በእጃችሁ ሳይገባ ለማንም ትምህርት ቤት ሳንቲም አትክፈሉ። የሠፈር ሐኪም "ጤነኛ ነህ" ቢላችሁ አይቆጠርም። ባለሥልጣኑ የመደበው የአቪዬሽን ሐኪም ነው የሚያየው።

የሚታየው ዓይን፣ ጆሮ፣ ልብ፣ የደም ግፊት፣ ሽንት፣ የአእምሮ ጤናና ያለፈ የሕመም ታሪክ ነው። መነጽር አይከለክልም። በመነጽርም ሆነ ያለ መነጽር እያንዳንዱ ዓይን 6/9፣ ሁለቱ አንድ ላይ 6/6 ካነበቡ በቂ ነው። ግዴታው በበረራ ላይ ትርፍ መነጽር መያዝ ነው። የዓይን ሌዘር ቀዶ ሕክምና ያሰባችሁ ካላችሁ ከመሠራታችሁ በፊት የአቪዬሽን ሐኪሙን አማክሩ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚጠበቅ ጊዜ አለ።

ሰው የሚደነግጠው በቀለም ፈተናው ነው። በባለቀለም ነጥቦች የተሞላ ክብ ሰሌዳ ያሳዩአችኋል፤ በነጥቦቹ መሃል ቁጥር አለ፤ ጥቂት ሴኮንድ አይታችሁ ቁጥሩን ትናገራላችሁ። ገጹ ይገለበጣል፣ ሌላ ሰሌዳ ይመጣል። ብትሳሳቱ ወዲያው አትወድቁም። በመብራት የሚደረግ ሌላ ፈተና ይሰጣችኋል። ለምን ይህን ያህል ይጠበቃል? የአውሮፕላን የግራ ክንፍ መብራት ቀይ፣ የቀኙ አረንጓዴ ነው። በመንደርደሪያው ጎን ያሉት አራት መብራቶች ደግሞ ለማረፍ ስትጠጉ ሁለት ነጭ ሁለት ቀይ ከሆኑ ከፍታችሁ ልክ ነው፤ አራቱም ቀይ ከሆኑ በጣም ዝቅ ብላችኋል ማለት ነው። ሌሊት ላይ ይህን መለየት ያቃተው ሰው ከባድ ችግር ውስጥ ይገባል።

ማረጋገጫው ለአየር መንገድ አብራሪ 12 ወር ያገለግላል፣ ከ60 ዓመት በኋላ በየ6 ወሩ ይታደሳል።

*ማስጠንቀቂያ፦* በልጅነት የነበረ አስም፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ራስን ስቶ መውደቅ፣ ምንም ይሁን ምን ቅጹ ላይ ጻፉት። ብዙ ሕመም ተጨማሪ ምርመራ ተደርጎበት ይታለፋል። ተደብቆ በኋላ የተገኘ ግን ፈቃድ ያስነጥቃል፣ በሕግም ያስጠይቃል።

3. እንግሊዝኛውን አሁኑኑ ጀምሩ

በዓለም አቀፍ በረራ ላይ ቢያንስ ደረጃ 4 ያስፈልጋል። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 6 ናቸው። ደረጃ 4 አብዛኛውን ጊዜ በየ3 ዓመቱ፣ ደረጃ 5 በየ6 ዓመቱ ይታደሳል፤ 6 ያገኘ ዳግም አይፈተንም። የሚለካው ስድስት ነገር ነው፦ አነጋገር፣ ሰዋስው፣ የቃላት ሀብት፣ ቅልጥፍና፣ መረዳትና ምልልስ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ውጤታችሁ የስድስቱ አማካይ አይሆንም፤ ከሁሉ ዝቅ ያለው ነው የሚያዝላችሁ። በአምስቱ 5 አግኝታችሁ አነጋገር ላይ 3 ብትሆኑ ውጤታችሁ 3 ነው። ስለዚህ በደከማችሁበት ላይ ሥሩ።

ሬድዮ ላይ ጨዋታው ሌላ ነው። ተቆጣጣሪው "ወደ 3000 ጫማ ውረዱ" ሲላችሁ "እሺ" ብሎ ዝም የለም። "ወደ 3000 ጫማ እየወረድን ነው" ብላችሁ ከጥሪ ስማችሁ ጋር ትደግሙለታላችሁ። 2000 መስሏችሁ ከሆነ እሱ ወዲያው ይይዛችኋል። መድገሙ የተፈለገው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹም ተለውጠው ነው የሚነገሩት፤ 9 "ናይነር"፣ 3 "ትሪ" ይባላል፣ በጫጫታ መሃል ከሌላ ቃል ጋር እንዳይምታታ። የተቀዱ የሬድዮ ምልልሶችን ስሙ፣ በቃል ድገሙ፣ ድምፃችሁን ቅዱና አድምጡት።

4. መንገዳችሁን ምረጡ

አራት ዋና መንገድ አለ።

የአየር መንገድ ካዴት ፕሮግራም፦ አየር መንገዱ ራሱ መርጦ ያሠለጥናል፣ ብዙ ጊዜ ወጪውን ይችልና በውል ለዓመታት ያስራችኋል። ማግኘት ከቻላችሁ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው። ውሉን ግን ሕግ የሚያውቅ ሰው ያንብበው፤ ሥልጠናውን ካቋረጣችሁ ወይም በጤና ምክንያት ከወጣችሁ ምን ያህል እንደምትመልሱ ፈልጉበት።

ሙሉ ጊዜ የተጠቃለለ ኮርስ፦ ከዜሮ እስከ ንግድ ፈቃድ በአንድ ትምህርት ቤት፣ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት። ፈጣን ነው፣ ውድ ነው።

በየደረጃው መማር፦ እየሠራችሁ፣ ገንዘብ ባገኛችሁ ቁጥር አንድ ፈቃድ። ይረዝማል፤ ግን ዕዳ ውስጥ ሳይገቡ የሚደርሱት ብዙውን ጊዜ እነዚህ ናቸው።

ኤምፒኤል የሚባለው፦ ከአንድ አየር መንገድ ጋር ተያይዞ የሚሰጥ፣ በ240 ሰዓት የሚጠናቀቅና አብዛኛው በሲሙሌተር፣ ማለትም መሬት ላይ ሆኖ በረራን በሚያስመስል መሣሪያ የሚያልፍ ሥልጠና። ፈቃዱ ሁለት አብራሪ ላለው አውሮፕላን ብቻ ነው። አየር መንገዱ ሐሳቡን ከቀየረ በትንሽ አውሮፕላን ለብቻችሁ ሠርታችሁ እንጀራ ማግኘት አትችሉም። ይህን አውቃችሁ ግቡ።

የአየር ኃይልም መንገድ አለ፣ ግን እሱ የራሱ ሕይወት ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

5. ትምህርት ቤቱን በአካል ሂዱና እዩ

ሰኞ ወይም ማክሰኞ፣ ሳትነግሯቸው ሂዱ። በብሮሹሩ ላይ አሥር አውሮፕላን ካለ ዛሬ ስንቱ እንደሚበር ጠይቁ። ሦስቱ ብቻ ከሆኑ ወረፋ ስትጠብቁ ወራት ይሄዳል፤ የቆያችሁበት ቤት ኪራይ ደግሞ አይቆምም። አንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ እንዳለው ጠይቁ። ከተማሪዎቹ ጋር ቡና ጠጡና "በስንት ሰዓት ጨረስክ?" በሏቸው። ማስታወቂያው የሚጠራው ዝቅተኛውን ሰዓት ነው። በትክክል የሚጨርሱበት ከዚያ ከፍ ይላል።

ለበጀቱ ከተነገራችሁ ዋጋ ላይ ሩቡን ጨምሩ። ድጋሚ ፈተና፣ ተጨማሪ ሰዓትና በመጥፎ አየር የባከነ ሳምንት ከዚያ ይሸፈናል። ከመመዝገባችሁ በፊትም አንድ የሙከራ በረራ ብረሩ። ሆዳችሁ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ቀድማችሁ ብታውቁት ይሻላል።

*ማስጠንቀቂያ፦* ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። የበረራ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ተማሪው ከመጨረሻዎቹ አበዳሪዎች ተርታ ይሰለፋል። በየደረጃው ወይም በየበረራው ክፈሉ። "አሁን ከከፈላችሁ ቅናሽ አለ" ሲባል ተጠራጠሩ።

6. የግል አብራሪ ፈቃድ

ዝቅተኛው እድሜ 17፣ ዝቅተኛው ሰዓት 40 ነው። ከዚያ ውስጥ 10 ሰዓቱ ያለ አስተማሪ ነው። ለብቻችሁ የምትሄዱበት አንድ የርቀት በረራም አለ፦ ቢያንስ 270 ኪሎ ሜትር፣ በሁለት የተለያዩ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሙሉ በሙሉ አርፋችሁ።

በሳምንት ሦስት አራቴ ብረሩ። ሁለት ሳምንት አርፋችሁ ስትመለሱ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የረሳችሁትን በማስታወስ ያልቃል፣ ሰዓቱ ደግሞ ይቆጥራል። በማትበሩበት ቀን የአውሮፕላኑን የመሣሪያ ሰሌዳ ፎቶ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ወንበር ላይ ተቀመጡ። እጃችሁን ወደየመሣሪያው እየላካችሁ ከሞተር ማስነሳት እስከ ማረፍ ያለውን ጮክ ብላችሁ ሂዱበት። ቤተሰብ ይስቅባችኋል። ይሳቅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለብቻችሁ ስትነሱ አንድ ነገር ይገርማችኋል። የአስተማሪው ክብደት ስለሌለ አውሮፕላኑ ከለመዳችሁት ቶሎ ይነሳል፣ ፈጥኖም ይወጣል። ቀድማችሁ ካወቃችሁት አትደነግጡም።

7. የመሣሪያ በረራ፣ የንግድ ፈቃድና ቲዎሪ

ለንግድ ፈቃድ ቢያንስ 18 ዓመትና 200 ሰዓት ያስፈልጋል፤ ከዚያ 100ው ኃላፊ አብራሪ ሆናችሁ የበረራችሁት መሆን አለበት። በጸደቀ የሙሉ ጊዜ ኮርስ ከሆነ ወደ 150 እና 70 ይወርዳል። የርቀት በረራውም ወደ 540 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ለመሣሪያ በረራ ፈቃድ ደግሞ 40 ሰዓት ውጭውን ሳታዩ በመሣሪያ ብቻ መብረር ይጠበቃል።

ይህ ሥልጠና ለምን ከባድ ሆነ? ደመና ውስጥ ስትገቡ ጆሯችሁ ይዋሻችኋል። በውስጠኛው ጆሮ ያለው ፈሳሽ በዝግታ የጀመረን መታጠፍ አይነግራችሁም። አውሮፕላኑ ወደ ግራ እየታጠፈ እናንተ ቀጥ ብላችሁ የምትሄዱ ይመስላችኋል። ስታስተካክሉት ደግሞ ወደ ቀኝ የምትወድቁ ይመስላችኋል። ሥልጠናው ሰውነታችሁን ትታችሁ መሣሪያውን እንድታምኑ ያስለምዳችኋል።

ቲዎሪውን አትናቁት። በአውሮፓ ሥርዓት 13 ትምህርት ነው፣ በእያንዳንዱ 75 በመቶ ማምጣት ግዴታ ሲሆን ሁሉንም በ18 ወር መጨረስ አለባችሁ። ጥያቄና መልስ በቃል መሸምደድ ፈተናውን ያሳልፋችሁ ይሆናል። የቅጥር ቃለ መጠይቁ ላይ "ለምን?" ሲሏችሁ ግን ያልቅባችኋል።

በዚሁ ደረጃ ባለ ሁለት ሞተር አውሮፕላንና ከሌላ አብራሪ ጋር ተቀናጅቶ የመሥራት ኮርስ ይጨመራሉ። ሁለተኛውን በደንብ ከሚያስተምር ቦታ ውሰዱት። አየር መንገዱ በሲሙሌተር የሚፈትናችሁ በአብዛኛው እሱን ነው።

8. ሎግቡኩን በየቀኑ ሙሉ

ይህን ከራሴ ስህተት ነው የምነግራችሁ። በመጀመሪያዎቹ ወራት አንድ ሰዓት ከሠላሳ ደቂቃ የበረርኩትን አንዳንዴ 1.3፣ አንዳንዴ 1.5 ብዬ ጻፍኩ። 1.5 በአሥርዮሽ ትክክል ነው። 1.3 ግን በአሥርዮሽ አንድ ሰዓት ከ18 ደቂቃ ነው። ደመርኩት፣ ገጽ ገለበጥኩ፣ እንደገና ደመርኩት። ከዓመታት በኋላ ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው ካልኩሌተር አውጥቶ ድምሩን ሲያጣራ ፊቴ ቀላ። ውሸት እንዳልነበረ ለማስረዳት ሙሉ ከሰዓት ፈጀብኝ።

ስለዚህ አንዱን ምረጡ፣ ወይ ሰዓትና ደቂቃ ወይ አሥርዮሽ፣ እስከ መጨረሻው አትቀይሩት። በቀለም ጻፉ። ስትሳሳቱ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ፈርሙበት፣ በነጭ ቀለም አትሸፍኑ። በየገጹ መጨረሻ ፎቶ አንሱና ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

*ማስጠንቀቂያ፦* ያልበረራችሁትን ሰዓት መጻፍ ወንጀል ነው። የአውሮፕላኑ የራሱ መዝገብ ስላለ ይመሳከራል።

9. ሰዓት አጠራቅሙ

ፈቃድ ይዛችሁ ሥራ የሌለበት ጊዜ ይህ ነው፣ ከሁሉም ረጅም ሊሆን ይችላል። አስተማሪ መሆን እኔ የማስቀድመው ነው፤ እየተከፈላችሁ ትበራላችሁ፣ ስታስተምሩ ደግሞ ያላወቃችሁት ሁሉ ይወጣል። የአየር ላይ ፎቶና ካርታ ሥራ፣ የእርሻ መድኃኒት ርጭት፣ የትንሽ አውሮፕላን ጭነትና ቻርተርም አለ። የርጭት ሥራ ዝቅ ብሎ ስለሚበረር ልዩ ሥልጠና ሳትወስዱ አትሞክሩት።

ሙሉው የአየር ትራንስፖርት አብራሪ ፈቃድ፣ ኤቲፒኤል፣ በ21 ዓመትና በ1500 ሰዓት የሚገኝ ነው። ከዚያ ውስጥ 100 ሰዓት የሌሊት፣ 75 ሰዓት የመሣሪያ በረራ መሆን አለበት። የሌሊቱን ሰዓት ብዙዎች ይረሱታል፣ መጨረሻ ላይ ያንን ብቻ ሲያሳድዱ ይገኛሉ።

10. የአየር መንገድ ፈተናና ከዚያ በኋላ

ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ የቲዎሪ፣ የሒሳብና የእጅና የዓይን ቅንጅት ፈተና፣ የቡድን ሥራ፣ ቃለ መጠይቅና ሲሙሌተር ነው። የአእምሮ ሒሳብ ተለማመዱ። ለምሳሌ በ35,000 ጫማ ናችሁ፣ ወደ 5,000 መውረድ አለባችሁ። የሚወረደው 30,000 ነው፤ ሦስት ዜሮውን ጣሉና በ3 አባዙት፤ 90 ኖቲካል ማይል ሲቀር መውረድ ትጀምራላችሁ። በደቂቃ 7 ማይል እየሄዳችሁ ከሆነ 13 ደቂቃ ገደማ አላችሁ። ይህን በአምስት ሴኮንድ መመለስ ቻሉ።

ካለፋችሁ በአንድ የተወሰነ አውሮፕላን ላይ ትሠለጥናላችሁ፣ ታይፕ ሬቲንግ የሚባለው። ክፍል ትማራላችሁ፣ ሲሙሌተር ትገባላችሁ፣ ከዚያ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጋር መንገደኛ ይዛችሁ ትበራላችሁ። ሥራ ሳይኖራችሁ በራሳችሁ ገንዘብ ታይፕ ሬቲንግ አትግዙ። ያለ ልምድ ሰዓት ብዙም አያስቀጥርም፣ ካልተጠቀማችሁበትም ጊዜው ያልፋል።

የተለመዱ ስህተቶች

ከሜዲካል በፊት መክፈል። ከላይ ብዬዋለሁ፣ አሁንም በየወሩ አንድ ሰው ያደርገዋል።

ብቸኛው አማራጭ አድርጎ መያዝ። ሜዲካል በአንድ ቀን ሊነጠቅ ይችላል፣ ሌላ ሙያ ወይም ትምህርት በጎን ይኑራችሁ።

አስተማሪ ጋ አልስማማም ብሎ ዝም ማለት። አሥር ሰዓት ሳይሻሻል ከሄደ ቀይሩልኝ በሉ። ማንም አይቀየማችሁም፤ ቢቀየምም የራሳችሁ ገንዘብ ነው።

የማብቂያ ቀን መርሳት። ሜዲካል፣ የመሣሪያ በረራ ፈቃድ፣ እንግሊዝኛ፣ ፓስፖርት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቀን አለው። አንዱ ካለፈ አትበሩም። አራቱንም ስልካችሁ ላይ ከሦስት ወር ቀድሞ እንዲጮህ አድርጋችሁ ሙሉ፤ የአቪዬሽን ሐኪም ቀጠሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ አይገኝም።